ስድስት ዓመት ከተከራየሁ በኋላ፦ ለትርፍ ያልተቋቋመ አከራይ ምን ይመስላል?

ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል። ግማሿን አምና ነው የጨመርኩላቸው፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

በሙያዬ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከእናቴና ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ጋር አንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ እንኖራለን። ሕንፃው አርባ ስምንት ቤት አለው። ባለቤቱ ለትርፍ ያልተቋቋመ የቤቶች ድርጅት ነው፤ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤት ይሠራል፣ ያከራያል፣ ከዚያም አልፎ «ሰፈር አለማለሁ» ይላል። ስሙን አልጠራም። ስሞታዬ ብዙ ነው፣ ከስሞታው ጋር ደግሞ ደመወዛቸው ከኔ የማይሻል የቢሮ ሠራተኞች አብረው ይነካሉ። ሌላው፣ እኔ ራሴ ካለፈው ዓመት ወዲህ የተከራዮች ኮሚቴ ውስጥ ስላለሁ ከዳር ቆሜ የምፈርድ አይደለሁም። ይህን አውቃችሁ አንብቡልኝ።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «እውነት ርካሽ ነው?» ብሎ ነው። ርካሽ ነው። ስድስት ዓመት ያቆየኝ ግን ርካሽነቱ አይደለም። ከዚህ በፊት በኖርኩባቸው ሦስት ቤቶች ኪራይ የሚጨመረው አከራዩ ባሰኘው ቀን ነበር። የመጨረሻው ጭማሪ የደረሰኝ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በስልክ መልእክት ነው፤ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ» ይላል፣ ሰላምታ እንኳ የለውም። ልጄ አንደኛ ክፍልን የጨረሰው በሁለት ትምህርት ቤት ነው። ዕቃውን ከካርቶን ሳያወጣ መኖር የለመደ ሰው ግድግዳ ላይ ምስማር አይመታም፤ እኔም እዚህ ከገባሁ በኋላ የሳሎኑን መጋረጃ እስክሰቅል ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። «መቼ እንደምንለቅ ምን ይታወቃል» እያልኩ።

እዚህ ኪራይ የሚለወጠው በዓመት አንዴ፣ በታወቀ ቀን፣ በታወቀ ስሌት ነው። ለውጡን ከስልሳ ቀን በፊት በጽሑፍ ያሳውቃሉ። በስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ቃላቸውን አንድም ጊዜ አላጠፉም። የከርሞውን ወጪ ዘንድሮ ቁጭ ብላ ለምታሰላ እንደኔ ላለች ሴት ይህ ብቻውን ሁለት ኮከብ ያወጣል።

ስሌቱ ሁለት ዓይነት መሆኑን ግን ማመልከቻ ስትሞሉ ማንም አይነግራችሁም፤ እኔም የተረዳሁት ከገባሁ በኋላ ነው። በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ፎቅ፣ ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ቤቶች በተለያየ ሕግ ሊከራዩ ይችላሉ። በአንደኛው ዓይነት ቤት ኪራዩ ከቤተሰቡ ገቢ 30 በመቶ ነው፤ ገቢ ሲወርድ ኪራይም ይወርዳል። በሁለተኛው ኪራዩ አንዴ የተቆረጠ ነው። የሚሰላው ከተከራዩ ገቢ ሳይሆን ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ ተነሥቶ ነው፤ ተከራዩ ሥራ ቢያጣም፣ የሥራ ሰዓት ቢቀነስበትም ኪራዩ ያው ነው። ሁለቱም «ተመጣጣኝ ዋጋ ያላቸው ቤቶች» ይባላሉ። ከማን ጋር ነው የተመጣጠነው? «አካባቢ» ሲባል እኛ ሰፈር ብቻ አይደለም፤ ከተማው ዳር ያሉ ባለ ግቢ ቤቶችም አብረው ይደመራሉ፣ መሐሉም ወደ ላይ ይሳባል። የጎረቤቴ የሥራ ሰዓት ሲቀነስ ኪራይዋ ከገቢዋ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። እኔ የመጀመሪያው ዓይነት ቤት የደረሰኝ በዕድል እንጂ በብልሃት አይደለም።

ይህች 30 በመቶም ብትሆን ከሰማይ የወረደች አይደለችም። አሜሪካ ውስጥ በ1969 የወጣ ሕግ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የመንግሥት ቤት ተከራይ ከገቢው 25 በመቶ በላይ እንዳይከፍል ገደበ፤ በ1981 ገደቡን ወደ 30 ከፍ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ቁጥሯ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ትጠቀሳለች። እንደ ሒሳብ ሠራተኛ የምለው፣ ዋናው የሚከፈለው 30 ሳይሆን የሚተርፈው 70 ነው። ብቻውን የሚኖር ደህና ደመወዝተኛ በሰባው ይንደላቀቃል። ሦስት ልጅ ያላት ሴት በሰባው ትራንስፖርት፣ ጫማና መድኃኒት ገዝታ ወሩን አትጨርሰውም።

ወረፋው ሦስት ዓመት ከአራት ወር ፈጀብኝ። ይህን እንደ ጥፋታቸው አልቆጥረውም፤ የቤቱ ቁጥር አርባ ስምንት ነው፣ የአመልካቹን ብዛት ገምቱት። ጥፋታቸው ሌላ ነው። ተራዬ ሲደርስ ደብዳቤ የላኩት ከሁለት ቤት በፊት ወደነበርኩበት አድራሻ ነው፤ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ካልመለስኩ ስሜ ይሰረዛል። አድራሻ መቀየሬን በስልክ ነግሬያቸው ነበር፤ «መዝግበነዋል» ብለውኝም ነበር። ያዳነኝ ድርጅቱ ሳይሆን የድሮ ጎረቤቴ ናቸው። ደብዳቤውን ተቀብለው አስቀምጠው፣ ስልኬን ከሰው ሰው አፈላልገው ደወሉ።

«ልጄ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መጥቶልሻል። ክስ ነው እንዴ?»

«አይ እማማ፣ ቤት ሳይሆን አይቀርም።»

«ቤት? በይ እንግዲያው ሩጪ፣ ቀኑ ሊያልፍ ሦስት ቀን ነው የቀረው።»

እሳቸው ራሳቸው አመልክተው አያውቁም፤ «ወረቀት ያደክመኛል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የሦስት ወር የደመወዝ ማስረጃ፣ የባንክ መግለጫ፣ የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የእናቴ የጡረታ ማስረጃ፣ የቀድሞ አከራይ የምስክርነት ደብዳቤ። ያ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መልእክት የሚልከው ሰውዬ ስለኔ መልካም ጠባይ እንዲጽፍልኝ መለመን ነበረብኝ። ጻፈልኝ፤ ሳይከፈለው አይደለም።

ደግሞ ወረቀቱ ገብታችሁ አያልቅም። በየዓመቱ ገቢያችሁን እንደገና ያጣራሉ። ሦስተኛው ዓመት ላይ የተላከልኝ አዲስ ኪራይ ከነበረው በአንድ አምስተኛ ጨምሮ መጣ። ተቀምጬ ስሌቱን ወደ ኋላ ሠራሁት። ያስገባሁት የደመወዝ ወረቀት ውስጥ አንዱ ወር የዓመት መዝጊያ ነበር፤ መሥሪያ ቤቴ ለሒሳብ መዝጊያ የትርፍ ሰዓት ይከፍለናል፣ በዓመት አንድ ወር ብቻ። እነሱ ሦስቱን ወር ደምረው በአራት አባዝተውታል። በነሱ ሒሳብ እኔ ዓመቱን አራት ጊዜ እዘጋለሁ ማለት ነው።

ቢሮ ሄድኩ። ልጅቷ ትሑት ናት፤ «እህቴ፣ ሲስተሙ ነው ያሰላው» አለችኝ።

«ሲስተሙ ውስጥ ቁጥሩን ያስገባው ማነው?»

ዝም አለች። በኋላ እንደገባኝ እሷ ናት፤ ብቻዋን የሦስት ሕንፃ ፋይል ይዛለች። ከአሠሪዬ የትርፍ ሰዓቱ በዓመት አንዴ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አመጣሁ፣ ስሌቱን በወረቀት ሠርቼ አያያዝኩ፣ በአምስተኛው ሳምንት ተስተካከለ። የከነከነኝ ሌላ ነው። እኔ ቁጥር የምኖርበት ሰው ነኝ። ቁጥር የማይኖርበት ሰው ያንን ደብዳቤ ተቀብሎ ዝም ብሎ እየከፈለ አይደለም ወይ? በኮሚቴው በኩል ጠይቀን በዚያው ዓመት ሁለት ተጨማሪ ቤቶች በተመሳሳይ ስህተት ከልክ በላይ ሲከፍሉ እንደነበር ታወቀ። ገንዘቡ ተመለሰላቸው። ይቅርታ የሚል ቃል ግን ደብዳቤው ላይ አልነበረም።

አሁን ወደ ኮርኒሱ ልምጣ።

አራተኛው ዓመት ላይ የመታጠቢያ ቤታችን ኮርኒስ ላይ የሳንቲም ስፋት ያላት ቡናማ ነጠብጣብ ታየች። በሳምንቱ ሳህን አከለች። በስልክ መተግበሪያቸው ጥያቄ አስገባሁ፤ ጥያቄውን በፎቶ ነው የሚቀበሉት፣ ዘመናዊ ነው። በሦስተኛው ቀን «ተጠናቋል» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ቀና ብዬ አየሁ፤ ውኃው ያንጠባጥባል። ደግሜ አስገባሁ፤ ደግሞ «ተጠናቋል» አለኝ። ሦስተኛ ጊዜ ላይ የፎቶውን መግለጫ «ባልዲው ሞልቷል» ብዬ ጻፍኩ። ባልዲውን ማታ ማታ የሚደፋው ልጄ ነበር፤ ደረጃውን በመስመሪያ ለክቶ በሰዓት ምን ያህል እንደሚሞላ ደብተሩ ላይ መዝግቦታል። የማን ልጅ እንደሆነ ያስታውቃል።

አምስት ሳምንት ፈጀ። «ተጠናቋል» የሚለው መልእክት ምን እንደሆነ በኋላ ነው የገባን። የጥገና ሥራውን የሚሠራው በኮንትራት የተያዘ የውጭ ድርጅት ነው፣ ክፍያውም የሚለካው ጥያቄ ቶሎ በመዝጋት ነው። እነሱም ዘጉት። የሕንፃው ጠባቂ፣ ምድር ቤት የሚኖሩት ሽማግሌ፣ በመጨረሻ አምስተኛ ፎቅ ወጥተው የላይኛውን ቤት የመታጠቢያ ቧንቧ መጋጠሚያ በእጃቸው ዳስሰው አገኙት። ላስቲኩ አልቋል። ጋሼ ከኪሳቸው ገዝተው ቀየሩት፤ ገንዘባቸው የተመለሰላቸው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ለሳቸው ብቻ አምስት ኮከብ እሰጣለሁ፤ ለድርጅቱ እንዳይቆጠርልኝ እንጂ።

ቂሜን ይዤ የዓመቱን የሒሳብ ሪፖርት ጠየቅሁ። ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ሒሳቡን ሊያሳይ ይገባል፤ ጠይቁ፣ ይሰጧችኋል። ያየሁት ይህ ነው፦ ለትልቅ ጥገና፣ ማለትም ለጣራ፣ ለሊፍትና ለቧንቧ፣ በየወሩ ወደ መጠባበቂያ የሚገባው ገንዘብ ሕንፃው ሲሠራ ከሃያ አንድ ዓመት በፊት የተወሰነው ነው። አንዴም አልተነካም። የላስቲክ ዋጋ፣ የሠራተኛ ዋጋ፣ የቀለም ዋጋ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ሲወጣ መጠባበቂያው ባለበት ቆሟል። ቤቱ የሚያፈሰው እዚያ ገጽ ላይ ነበር።

ይህ በሽታ የኛ ብቻ አይደለም። የከተማ ቤት ታሪክ ያነበበ ሁሉ ፕሩት አይጎን ያውቃል፤ ሴንት ሉዊስ ከተማ ውስጥ በ1954 የተከፈተ፣ ሠላሳ ሦስት ሕንፃ የነበረው፣ ከ1972 ጀምሮ በፈንጂ መፍረስ የጀመረ የመኖሪያ መንደር ነው። የመንግሥት እንጂ የበጎ አድራጎት ቤት አልነበረም። አፈራረሱ በፊልም ስለተቀረጸ ሰው ጥፋቱን በአርክቴክቱ ወይም በነዋሪው ያመካኛል። እኔ የማየው የሒሳብ መዝገቡን ነው። ጥገናው እንዲሸፈን የታሰበው ከተከራዩ ኪራይ ብቻ ነበር፤ ከተማው ሕዝብ እያጣ ሲሄድ ቤቶቹ ባዶ ሆኑ፣ ኪራይ ሲያንስ ጥገና አነሰ፣ ጥገና ሲያንስ የቀሩትም ለቀቁ። ፈንጂው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ደንባቸውንም ላንሣ። ስንገባ አሥራ አንድ ገጽ የቤት ደንብ ፈርመናል። ግድግዳ ላይ ምስማር ለመምታት የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል (ለመጋረጃው ሁለት ዓመት የፈጀብኝ በዚህም ምክንያት ነው ብል ግን ውሸት ይሆናል)። የሚገርመው ይህች የምስማር ነገር ዕድሜዋ ነው። ጆርጅ ፒቦዲ የሚባል አሜሪካዊ የባንክ ሰው በ1862 ለለንደን ድሆች ቤት መሥሪያ ብሎ ትልቅ ሀብት ሰጠ፤ የመጀመሪያው ሕንፃ በ1864 ተከፈተ፣ ድርጅቱም እስከ ዛሬ ያከራያል። በድሮው ደንባቸው ተከራይ ግድግዳ ላይ ምስማር እንዳይመታ ተከልክሎ ነበር፤ የውጭ በር ማታ በአምስት ሰዓት ይዘጋል፣ ፈንጣጣ ያልተከተበም አይገባም። ክትባቱን ልቀበል። ምስማሯ ግን መቶ ስልሳ ዓመት ከከተማ ከተማ እየተሻገረች ከነዛቻዋ እኛ ደንብ ውስጥ ገጽ ሰባት ላይ ተቀምጣለች። በጎ አድራጊ የሆነ አከራይ ሁሉ ውስጡ ትንሽ ሞግዚት አለች።

በዚያው ዘመን ለንደን ውስጥ የድሆችን ቤት ታስተዳድር የነበረችው ኦክታቪያ ሂል ከሞግዚትነቱ ባታመልጥም ከገንዘቡ በኩል ከሁሉም ብልህ ነበረች። በ1865 ጸሐፊውና የሥነ ጥበብ ሐያሲው ጆን ረስኪን እዚያው ለንደን ውስጥ ሦስት ያረጁ ቤቶች ገዝቶ አስተዳድሪ ብሎ ሰጣት፤ 5 በመቶ ትርፍ ለባለገንዘቡ እየተመለሰ። ኪራይ የሚሰበስቡት ሴቶች ነበሩ፤ በየሳምንቱ በር አንኳኩተው፣ ቤቱን አይተው፣ የሚያፈሰውን ቆጥረው ይሄዳሉ። ከሁሉ የምወድላት አሠራር ግን ይህ ነው፦ ለየቤቱ በዓመት የተወሰነ የጥገና ገንዘብ ይመደባል፤ ተከራዮቹ ቤቱን በጥንቃቄ ይዘው ከተረፈ፣ በተረፈው የሚሠራውን ራሳቸው ይመርጣሉ። ይህን አንብቤ ለኮሚቴያችን አቀረብኩት። ሳቁብኝ። «እኛ ጋ የሚተርፍ የለም» አሉ፤ ልክ ናቸው።

«የሰፈር ልማት» የሚሉት ደግሞ አለ። ምድር ቤት አዳራሽ አለን፤ እዚያ ውስጥ ከትምህርት በኋላ ልጆችን የሚያስጠኑ ወጣቶች በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣሉ። ይህን በሙሉ ልቤ አመሰግናለሁ። ልጄ ክፍልፋይን የተረዳው እኔ ሳስረዳው አይደለም (እኔ ስጮህበት ነበር)፣ እዚያ አንድ የምህንድስና ተማሪ ወረቀት አጥፎ ሲያሳየው ነው። ሌላው ግን እንደየወቅቱ ገንዘብ ሰጪ ይለዋወጣል። አንድ ዓመት «የገንዘብ አያያዝ ሥልጠና» ተብሎ ተጠራሁ፤ ሃያ አራት ዓመት የማይሞላው ልጅ ወጪና ገቢ በሁለት ዓምድ እንደሚጻፍ አስተማረኝ። እስከ መጨረሻው ተቀምጬ የምስክር ወረቀቴን ተቀበልኩ። ምን ላድርግ፣ ልጁ ደክሞበታል። ድህነት የሒሳብ አለማወቅ ነው የሚል ሐሳብ ግን ማን እንዳስገባባቸው እንጃ፤ እኛ ሕንፃ ላይ ሳንቲም አንድ በአንድ የማትቆጥር እናት የለችም።

ፎቶውም ያናድዳል። በየፕሮግራሙ ፎቶ አለ። የልጄ ሳቅ ፈቃዴን በአንድ መስመር ፊርማ ወስደው ዓመታዊ ሪፖርታቸው ሽፋን ላይ ወጥቷል። ሪፖርቱን ስገልጥ መጀመሪያ የፈለግሁት የመጠባበቂያውን ገጽ ነው፤ ከልጄ ጥርስ ቀጥሎ ሠላሳ አራት ገጽ ርቆ ነው ያለው።

አሁን ግማሿ ኮከብ። አምና ድርጅቱ ከኋላችን ያለው ረጅም ግንብ ላይ ሥዕል ለማሣል ገንዘብ አገኘሁ ብሎ በአዳራሹ ሰበሰበን። ሠዓሊው መጥቷል፣ ንድፉ ታይቷል፣ እርግብና የተያያዙ እጆች አሉበት። ከፎቁ አንድ የጽዳት ሠራተኛ ጎረቤቴ፣ ከሥራ ሌሊት የምትመለስ፣ እጇን አወጣች። «ሥዕሉ ጥሩ ነው» አለች። «ግን እዚያ መንገድ ላይ መብራት የለም። እኔ ስመለስ እርግቧንም አላያትም።» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቀጥሎ አንድ አዛውንት ተነሥተው፣ መድረኩ ላይ የተቀመጡትን ስድስት ሰዎች እያዩ «ከመሐላችሁ እዚህ ሰፈር የሚያድር ማነው?» ብለው ጠየቁ። ከስድስቱ እጁን ያወጣ አልነበረም።

ቦስተን ውስጥ ሮክስበሪ የሚባል ሰፈር በ1980ዎቹ አጋማሽ ላይ ይህንኑ የመሰለ ስብሰባ ነበር። ቆሻሻ የሚደፋበትና የተቃጠሉ ቤቶች ባዶ መሬት የሞሉት ሰፈር ነው። ገንዘብ ሰጪዎችና ድርጅቶች የልማት ቦርድ አዋቅረው ሲመጡ ነዋሪው አልተቀበለም፤ ቦርዱ እንደገና ተዋቅሮ ነዋሪዎች አብላጫውን ወንበር ያዙ። የዳድሊ ስትሪት የሰፈር ንቅናቄ የሚባለው ይኸው ነው። በ1988 ደግሞ በሰፈሩ እምብርት ያለውን ባዶ መሬት ከግል ባለቤቶቹ ካሳ ከፍሎ በሕግ የመውሰድ ሥልጣን ከከተማው አገኙ፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ የመንግሥት ብቻ የሆነ ሥልጣን ነው። መሬቱን ሸጠው አልተለያዩም፤ በማኅበር አደራ አድርገው ቤት ሠሩበት። እኛ ስለ መሬት አልጠየቅንም። መብራትና ሁለት የቦርድ ወንበር ጠየቅን። በሰባት ወሩ ሁለቱም ተሰጡን፤ መብራቱ አራት አምፖል ነው፣ የመጠባበቂያው ተቀማጭም በመጀመሪያው የጋራ ስብሰባ ላይ ከፍ እንዲል ተወሰነ። ሥዕሉም በኋላ ተሣለ። አሁን ማታ ይታያል፤ እርግቧ ትንሽ ዶሮ ትመስላለች።

ያልተፈታ አንድ ጉዳይ አለ፣ ቀሪዋን አንድ ኮከብ ተኩል የያዝኩትም በብዛት ለሱ ነው። ይህ ቤት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ብቻ እንዲከራይ የሚያስገድደው ውል ሠላሳ ዓመት ነው። ሃያ አንዱ ሄዷል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ምን ይሆናል? ቦርዱ «እናድሳለን» ይላል። እኔም አምናቸዋለሁ፤ ዛሬ ያሉትን ሰዎች ማለቴ ነው። ግን የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ ማን ያውቃል? አሜሪካ ውስጥ በ1986 በወጣው የታክስ ሕግ የተሠሩ ብዙ ቤቶች ይህን አይተዋል፦ ባለሀብቱ ገንዘቡን ያዋጣል፣ በምላሹ ግብር ይቀነስለታል፣ መጀመሪያ የወጣው ግዴታ አሥራ አምስት ዓመት ነበር፤ በኋላ ነው ወደ ሠላሳ የተራዘመው። አሥራ አምስቱ ሲያልቅ ሕንፃውን ማን ይወስዳል በሚለው ባለሀብቶችና ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች ፍርድ ቤት እስከ መካሰስ ደርሰዋል። መፍትሔ የሚመስለኝ የመሬት አደራ ነው። ቨርሞንት ውስጥ በርሊንግተን ከተማ በ1984 የተቋቋመው ማኅበር መሬቱን ለራሱ ይይዛል፣ በላዩ ያለው ቤት ብቻ ነው የሚሸጠው። ገዢው ሲለቅ ቤቱ ከጨመረው ዋጋ ድርሻውን ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ቤቱ ለሚቀጥለው ሰውም አቅሙ የሚችለው ሆኖ ይቆያል። እኛ ሕንፃ ግን መሬቱ ለባንክ ብድር መያዣ ነው። ይህንንም ያወቅሁት ከሪፖርቱ ግርጌ ማስታወሻ ላይ ነው። ግርጌ ማስታወሻ የማያነብ ሰው ቤቴ የኔ ነው ብሎ ይተኛል።

ለምታመለክቱ፦ አድራሻ ስትቀይሩ በጽሑፍ አሳውቁ፣ የተቀበሉበትንም ማኅተም አስመቱ። የሚሰጣችሁ ቤት በገቢያችሁ የሚሰላ ነው ወይስ ኪራዩ የተቆረጠ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። የገቢ ገደቡ ውል ስንት ዓመት እንደቀረው ጠይቁ፤ ፊታቸውን እያያችሁ። ያስገባችሁትን ወረቀት ሁሉ ኮፒ ያዙ። ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆች ካሏችሁ ዝቅ ያለ ፎቅ ለምኑ፤ እኔ «ሊፍት አለ» ሲሉኝ አምኜ አራተኛ ወሰድኩ።

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ሳልለጥፈው ሊፍቱ ቆመ። ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። እናቴ የሐኪም ቀጠሮ ስላላት ትናንት ጋሼ ወንበር በየፎቁ አስቀምጠውላት፣ እያረፈች ወረደች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አረፍ ስትል የማታውቃት ጎረቤት በር ከፍታ ውኃ ሰጠቻት፣ ተጨዋወቱ፣ ቀጠሮው አለፈ። በመተግበሪያው ጥያቄ አስገብቻለሁ። «ተጠናቋል» ይላል።